ከጨረታው በፊት የሚጻፈው መስመር

ሀራሙስ ከጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች ሁሉ ደልቀቅ ያለው ነው። ሰፋፊ ቪላዎች፣ ረጃጅም አጥሮች፣ ከአጥሩ በላይ የሚደፋ ቡገንቪላ፤ የአሜሪካ ኤምባሲም ትልቅ ግቢውን የሠራው እዚሁ ነው። ቀን ቀን ፀሐዩ ሰው አያስወጣም። ሲመሽ ግን ሰፈሩ ነፍስ ይዘራል፤ ዘበኞች በየበሩ ወንበር ያወጣሉ፣ የቤት ሠራተኞች ከግቢ ግቢ ይጠራራሉ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ከሶማሊኛና ከአፋርኛ ጋር ተደባልቆ ይሰማል።

ከነዚህ ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ ወዳጄ ወረቀቷን ዘርግታለች። ፋርማሲስት ናት። አገር ቤት በሆስፒታልም በመድኃኒት ግዥም ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ አሁን ኑሮዋ እዚህ ነው። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ለጀማሪ ፋርማሲስቶች ማስተማሪያ የምትጠቀምበት አሮጌ የጨረታ ሰነድ ሲሆን ጠርዙ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም የጎረቤት ዘበኛ በሩን አንኳኩ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ባዶ የመድኃኒት ሳጥን፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘዋል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ ላይ ነዎት መሰለኝ።»

«ኧረ ይግቡ ጋሼ፣ ምን ችግር አለ፤ ይቀመጡ።»

ኮምቦልቻ ያለች እህታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከሆስፒታል የምትወስደው ኪኒን ካለቀ ሰነባብቷል። በሄደች ቁጥር «የለም» ትባላለች፤ ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛች ቆይታ አሁን አቅቷታል። ነገ ከሰዓት የሚወጣ የሚያውቁት የጭነት መኪና ሾፌር አለ። በጋላፊ ገብቶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያደርስላቸዋል። በቅርብ ያለ ፋርማሲ ሄደው ጠይቀው ነበር፤ የተሰጣቸው ሳጥን ግን ስሙ ሌላ፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ ሆነባቸው። ፎቶ አንስተው መጡ።

ወዳጄ ባዶውን ሳጥንና ፎቶውን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። አንደኛው ላይ «ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም»፣ ሌላው ላይ «ግሉኮፋዥ 500» ይላል። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። የሚለየው አምራቹና ዋጋው ነው። ጠዋት ሲሄዱ የንግድ ስሙን ይተዉና ሜትፎርሚን ብለው ይጠይቁ፤ በሌላ አምራች የተሠራ ካለ ይስጡዎት። ለመሆኑ ሐኪሟ መጠኑን አልቀየረባትም?» አልቀየረባትም። አመሰገኑና ወጡ።

«ሜትፎርሚን እኮ ነው» አለችኝ በሩ ሲዘጋ። ብርቅ መድኃኒት አይደለም። የፈጠራ መብቱ ካለቀ ዘመን ተቆጥሯል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ዋጋው ከርካሾቹ ተርታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ኢትዮጵያ ከምታስገባው የንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ በጅቡቲ ነው። ዘበኛው በመኪና ጋቢና የሚልኩት ኪኒን በሚሄድበት አስፋልት ላይ ተመሳሳይ መድኃኒት የጫኑ ኮንቴይነሮች ከዶራሌ ወደብ እየተነሱ በየቀኑ ያልፋሉ። ታዲያ እህትየው ለምን «የለም» ትባላለች?

የእሷ መድኃኒት የት ላይ እንደተቋረጠ ከሀራሙስ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የመድኃኒት ግዥ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች ግን ይታወቃሉ። ሕዝቡ፣ ጋዜጠኛውም ኦዲተሩም ዓይናችንን የምንተክለው ጨረታው ላይ ነው፤ ማን አሸነፈ፣ በስንት አሸነፈ እንላለን። ብዙው ጥፋት ግን የሚፈጸመው ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በሚጻፈው ወረቀትና ውሉ ከተፈረመ በኋላ በሚረሳው ክትትል ላይ ነው። ሁለቱም ቦታዎች የፋርማሲስቱ ናቸው።

መሠረታዊው ሕግ ለሁሉም ዕቃ አንድ ነው። በኢትዮጵያ የፌዴራል መንግሥት ግዥ በአዋጅ ቁጥር 430/1997፣ ቀጥሎ በ649/2001፣ አሁን ደግሞ በ1333/2016 ይመራል። ስማቸውና ዝርዝራቸው ቢለያይም መንፈሳቸው አንድ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚገባውን ዋጋ ያስገኝ፣ ውድድሩ ክፍትና አድልዎ የሌለበት ይሁን፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይታይ፣ የወሰነው ሰው ይጠየቅበት። መደበኛው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው። ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያና ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት በምክንያት ብቻ የሚከፈቱ በሮች ናቸው።

ወንበርና መድኃኒት ግን በአንድ ሕግ ቢገዙም አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። ወንበር የተሰበረ እንደሆነ የሚቀመጥበት ሰው ያየዋል። ኃይሉን ያጣ መርፌ ከደህናው ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ታማሚው ሊያውቅ አይችልም፣ ነርሷም አታውቅም። ወንበር መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ይቆያል፤ መድኃኒት የሞቱን ቀን ሳጥኑ ላይ አስጽፎ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዩኒሴፍ፣ ከዩኤንኤፍፒኤና ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሰነድ ለመድኃኒት ግዥ ብቻ 12 መርሆችን ለይቶ ያስቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል። ከነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ ስለ ዋጋ አይናገሩም።

ወዳጄ ተማሪዎቿን መጀመሪያ የምታስቀምጣቸው የመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ፊት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሆስፒታል ባለፈው ዓመት 5,400 ጠርሙስ የሆነ መድኃኒት አወጣ እንበል። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 450 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ለመጪው ዓመት 5,400 ይጠይቃል። ካርዱን በደንብ ያየ ሰው ግን ሦስቱ ወራት ላይ ቀሪው ዜሮ እንደነበር ያስተውላል። መድኃኒቱ የተሰጠው በዘጠኝ ወር ውስጥ ብቻ ነው፤ እውነተኛው ፍጆታ በወር 600፣ በዓመት 7,200 ነው። 5,400 የጠየቀው ባለሙያ ባለፈው ዓመት የነበረውን እጥረት በፊርማው አጽድቆ ለዘንድሮ አስተላልፎታል። እጥረት እጥረትን የሚወልደው እንዲህ ነው፤ የጎደለው ወር በሚቀጥለው ዓመት «ፍላጎት ቀነሰ» ተብሎ ይነበባል።

ከዚያ ጋር የሚታሰብ ሌላም አለ። ትዕዛዝ ከተላለፈ በኋላ ዕቃው መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ፣ የመጠባበቂያ ክምችት፣ መንገድ ላይ ያለው፣ በዓመቱ ውስጥ የሚቃጠለው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ትቶ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ሲጀምር ይህ ስሌት እንዳለ ተናጋ። ከአውሮፓ የሚመጣ ጭነት ሳምንታት ተጨመረበት። በመርከብ ሰልፍ ላይ ሆኖ የዘገየ ኮንቴይነር ዜና ይሆናል፤ መጠባበቂያውን በአሮጌው የጉዞ ጊዜ አስልቶ የጠየቀ መጋዘን ግን ዜና አይሆንም፤ የሚታወቀው መድኃኒቱ ሲያልቅ ነው።

ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ምን ይቅር የሚለው ጥያቄ ደግሞ የፋርማሲስቱ ሌላው ከባድ ሥራ ነው። ሙያው ለዚህ ሁለት ሚዛን አለው። አንደኛው በገንዘብ ይለያል፤ ከበጀቱ ብዙውን የሚበሉት ጥቂት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛው በሕይወት ይለያል፤ የትኛው ቢጠፋ ሰው ይሞታል፣ የትኛው ቢጠፋ ታማሚው ይታገሣል? ሁለቱን ሚዛኖች አንድ ላይ ያላየ ኮሚቴ ከሁሉም መስመር በመቶኛ እኩል ይቀንሳል። እኩል መቀነስ ፍትሕ ይመስላል፤ የቫይታሚንና የኢንሱሊን መስመር እኩል ሲቀነስ ግን የሚጎዳው የኢንሱሊኑ ታማሚ ነው።

ከዚያ ወደ ስፔስፊኬሽኑ፣ ወደ ዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ ይመጣል። ወዳጄ የአሮጌውን ሰነድ አንድ ገጽ ገለጠችና ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አሳረፈች፤ «ኦክሲቶሲን፣ መርፌ፣ 10 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር።» ያ ብቻ ነው። ከጎኑ ያለው ቀይ ጽሑፍ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻግሯል።

ኦክሲቶሲን እናት ከወለደች በኋላ የሚፈሳትን ደም ለማቆም የሚሰጥ ነው። በሙቀት ኃይሉን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ዩኤንኤፍፒኤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ እንዲጓጓዝና እንዲቀመጥ መክረዋል። ያ አጭር መስመር ስለ ቅዝቃዜ ምንም አይልም። ስለዚህ ቀዩ እስክሪብቶ እንዲህ ይቀጥላል፦ ከፋብሪካ እስከ መረከቢያ መጋዘን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ በእያንዳንዱ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ፤ መዝገቡ ከዕቃው ጋር እንዲቀርብ፤ ሙቀቱ ካለፈ ዕቃውን ማን ይመልሳል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፤ ሲረከቡ ቢያንስ ከጠቅላላ ዕድሜው 75 በመቶ የቀረው እንዲሆን፤ የባች ቁጥርና የማብቂያ ቀን በአምፑሉም በሳጥኑም ላይ እንዲኖር፤ ዐርብ ከሰዓት ቦሌ እንዳያርፍ።

የመጨረሻዋ መስመር የወረቀት ሳይሆን የሰው ዕውቀት ናት። ዐርብ አመሻሽ ላይ የደረሰ ቀዝቃዛ ጭነት የጉምሩክ ወረቀቱ ካልተሟላ ቅዳሜና እሑድን እዚያው ነው የሚያሳልፈው። ይህን በስፔስፊኬሽን የሚጽፈው አንድ ጊዜ ሰኞ ጠዋት ካርቶን ከፍቶ የሙቀት መዝገቡን ያየ ሰው ብቻ ነው።

በመርከብ የሚመጣው ደግሞ የጅቡቲን ፀሐይ ያያል። በሐምሌ የከተማዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይዘላል፤ ሜዳ ላይ የቆመ ብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከውጪው አየር በብዙ ይብሳል። «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግሉኮስና ኪኒን እዚያ ውስጥ ይቆያል። ለመለስተኛ አየር አገር የተሠራ መድኃኒት የዕድሜ ፈተናው የሚካሄደው በ25 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት ነው፤ ለሞቃት አገር በ30 ዲግሪና በ65 ወይም በ75 በመቶ እርጥበት። የጨረታ ሰነዱ የሞቃት አገሩን የፈተና ውጤት ካልጠየቀ ተጫራቹ የቀዝቃዛ አገሩን አቅርቦ ያሸንፋል፤ ሕግም አልጣሰም። ኮሚቴው በርካሽ ገዛሁ ይላል። ልዩነቱ የሚታየው ዶራሌ ላይ ነው፣ ከዚያም ሚሌ በረሃ ላይ፣ ከዚያም ሰመራ ወይም ድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ።

ስለ ዋጋ አንድ ስሌት ይበቃል። ሁለት ተጫራቾች አሉ፤ አንዱ በ100 ብር፣ ሌላው በ92 ብር አቀረቡ። ባለ 92ቱ የሚያመጣው ዕድሜው ያጠረ ነው፤ ከዕቃው 15 በመቶ ሳይሰጥ ይቃጠላል። እንግዲህ ለታማሚ የደረሰው አንዱ ዕቃ ዋጋው 92 ሲካፈል ለ0.85፣ ማለትም ከ108 ብር በላይ ነው። የማስወገጃው ወጪ ገና አልተቆጠረም። የግዥ ሕጉ «ዝቅተኛ ዋጋ» ሲል ተገምግሞ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘውን ማለቱ ነው፤ መገምገሚያው ግን አስቀድሞ በሰነዱ ውስጥ ካልተጻፈ ኮሚቴው በኋላ ሊጨምረው አይችልም። ስለዚህ ነው ከጨረታው በፊት የሚጻፈው መስመር ይህን ያህል የሚከብደው። ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ብልህነት አይሠራም፤ ብልህነት ቢሠራማ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም ነበር።

ስፔስፊኬሽን ሲጻፍ የሚፈጸም ተቃራኒ ጥፋትም አለ፤ እጅግ ማጥበብ። የአንድን ድርጅት ካታሎግ ቃል በቃል ገልብጦ «ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ ቁመቱ ይህን ያህል» የሚል ሰነድ አሸናፊውን አስቀድሞ መርጧል። መድኃኒት በንግድ ስሙ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። በዓለም አቀፍ የጋራ ስሙ መጠየቅ ከ12ቱ መርሆች አንዱ የሆነው ዘበኛው እዚህ በረንዳ ላይ በደረሱበት ምክንያት ነው፤ የንግድ ስም የጠየቀ ገዥ የሚያገኘው አንድ ሻጭ ነው፤ ሻጩም ብቻውን መሆኑን ያውቃል።

ማን ይወዳደር የሚለው ከማን አሸነፈ የበለጠ ሕይወት የሚወስን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ በተገኙ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሽሮፖቹ ውስጥ ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ኢቲሊን ግላይኮል የተባሉ መርዞች ተገኝተው ነበር፤ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ያው ድርጅት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ነበር። ስለዚህ በመድኃኒት ግዥ አቅራቢው ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ይጣራል፤ አምራቹ በመልካም የአመራረት ሥርዓት ተፈትሿል ወይ፣ ምርቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ፣ ከዚህ በፊት ያቀረበው እንዴት ነበር? ይህ ማጣሪያ ውድድርን የሚያጠብ ቢመስልም ውድድሩ በአቻዎች መካከል እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው። ጥራት የሚያወጣውን ወጪ ያላወጣ አምራች ከሚያወጣው ጋር በዋጋ ብቻ ከተሰለፈ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍል ይነሳል። መድኃኒቱን የመረጠ፣ መጠኑን የገመተ፣ ስፔስፊኬሽኑን የጻፈ፣ አቅራቢውን ያጣራና ጨረታውን የዳኘ ሰው አንድ መሆን የለበትም። በትልቅ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነው። ሦስት ፋርማሲስት ባለው የወረዳ ሆስፒታል ግን አንድ ሰው ጠዋት ግምቱን ሠርቶ፣ ከሰዓት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ በሳምንቱ ዕቃውን ሊረከብ ይችላል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሚበቃ ሰው ስለሌለ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቢያንስ ርክክቡን ከግዥው መለየት ይቻላል። ራሱ ወይም ዘመዱ የመድኃኒት አስመጪ ወይም መድኃኒት ቤት ያለው ባለሙያ ደግሞ ይህን አስመዝግቦ ከውሳኔው መውጣት አለበት። እንዲህ ያለው ነገር በይሉኝታ ሲታለፍ አይቻለሁ፤ ይሉኝታው የሚከፈለው በሌላ ሰው ኪስ ነው።

ጅቡቲ ራሷ ለዚህ ነገር ትምህርት ናት። እዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የመንግሥት ግዥ ሕግ አለ፤ ለሕዝብ ጤና ተቋማት መሠረታዊ መድኃኒት የሚገዛ ማዕከልም አለ። የአገሪቱ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተተክሎ የቆመ ነው። ስለዚህ የጅቡቲ ፋርማሲስት ስለ ዶላር ምንዛሪ አያስብም፤ ዛሬ በዶላር የተሰጠው ዋጋ በፍራንክ ሲሰላ ከስድስት ወር በኋላም ያው ነው። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ግድም ነው። በዚህ ቁጥር የሚታዘዝ መድኃኒት ለአንዳንድ አምራቾች የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ትንሽ ገዥ ሲጠይቅ ዋጋው ይወደዳል፣ አንዳንዴም ተጫራች ጭራሽ አይመጣም። የዚህ ችግር መፍትሔ በሌላ የዓለም ጥግ ተሞክሮ ሠርቷል፤ የምሥራቅ ካሪቢያን ትንንሽ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ መድኃኒታቸውን በአንድነት ይገዛሉ። የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ደግሞ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው፤ አባል አገሮቹም የመድኃኒት ምዝገባ ሥርዓታቸውን ለማቀራረብ መሥራት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአንድ አገር የተመዘገበ መድኃኒት በሌላው ሳይመዘገብ በጋራ ጨረታ ማውጣት አይቻልምና ምዝገባው መጀመሪያ መምጣቱ ትክክል ነው። ግዥውም እንዲከተል የምመኝ ብቻ አይደለሁም፤ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ብቻቸውን ሲገዙ የሚከፍሉትን ላየ ሰው የዘገየ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ችግር ግልባጩ ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላላት በብዛት የመግዛት ጉልበት አላት። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ይህን ጉልበት አንድ ቦታ ለመሰብሰብ የተፈጠረ ነው። የመላ አገሪቱን ፍላጎት ሰብስቦ ይገዛል፣ በቅርንጫፎቹ ያከፋፍላል፤ የብዙ ዓመት የማዕቀፍ ስምምነትም ይፈራረማል፤ ማለትም ዋጋና ሁኔታ አንድ ጊዜ በውድድር ተወስኖ ዕቃው እንደ ፍላጎቱ በየጊዜው ይጠራል። ለአገር ውስጥ አምራቾችም በግምገማ ላይ የ25 በመቶ የዋጋ ልዩ አስተያየት ሲሰጥ ቆይቷል። ጉልበቱ አለ፤ የሚያንሰው ዶላሩ ነው።

ገንዘቡ የሚሽከረከረው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ሆስፒታሉ መድኃኒት ይገዛል፣ ለታማሚ ይሸጣል፣ በሸጠው መልሶ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መጋዘን ውስጥ ያለውን በአሮጌው ዋጋ የሸጠ ሆስፒታል በሽያጩ ገንዘብ መልሶ የሚገዛው ግማሹን ያህል ነው። ዋጋውን ከጨመረ ታማሚው አይችለውም። ይህን ፋርማሲስት ብቻውን አይፈታውም፤ ግን ፈንዱ በየወሩ ምን ያህል መድኃኒት መልሶ መግዛት እንደሚችል አስልቶ ለአስተዳደሩ በጊዜ ማሳየት የእሱ ሥራ ነው። ሳይሰላ የቀረ ፈንድ ባንክ ውስጥ ብሩ እንዳለ ሆኖ መደርደሪያው ይራቆታል።

የመድኃኒት ገንዘብ አያያዝ ሲነሳ ደስ የሚለኝ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነገር ነው። በአማራ ክልል በዚያ ሆስፒታል ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እያንዳንዱን የመድኃኒት ሽያጭና ወጪ በስሙ፣ በመጠኑና በዋጋው መዝግቦ ለኦዲት ክፍት የሚያደርግ አሠራር ተጀመረ። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የሚመዘገበው የዕለቱ ጠቅላላ ብር ነበር፤ ብሩ ከየትኛው መድኃኒት እንደመጣ፣ የትኛው ሳይሸጥ እንደተቃጠለ አይታወቅም። አሠራሩ በክልሉ በሕግ ጸና፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ሀሳቡ የመጣው ከአገር ቤት ፋርማሲስቶች የዕለት ችግር ስለሆነ እንደ ውጭ አገር ሥልጠና በሦስት ወር አልተረሳም። የግዥ ሰው ሲሆኑ ደግሞ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል፤ ያ ከዜሮ ወር የተነሳ የ450 እና የ600 ስሕተት የሚታረመው እንዲህ ባለ መዝገብ ነው።

ቀሪው ርክክብ ነው። በሞዴል 19 የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ የሚፈርም ሰው ካርቶን ይቆጥራል። ካርቶኑን ከፍቶ ባች ቁጥሩን ከውሉ ጋር፣ የማብቂያ ቀኑን ከተስማሙት ዕድሜ ጋር፣ የሙቀት መዝገቡን ከ2 እስከ 8 ካለው ጋር የሚያስተያየው ግን ፋርማሲስት ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ወዛደሮቹ ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ፤ «ነገ እናየዋለን» ተብሎ የሚፈረመው እዚህ ላይ ነው። ከፊርማው በኋላ ዕቃው የገዥው ሆኗል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው የመመለስ መብት ብዙውን ጊዜ በዚያች ደቂቃ ያበቃል።

ክፍያም የግዥ መርሕ መሆኑን ብዙ ባለሙያ አያስበውም፤ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስለዋል። ከ12ቱ መርሆች አንዱ ግን አስተማማኝ ገንዘብና መልካም የፋይናንስ አያያዝ ነው፤ በሰዓቱ መክፈልም የዚሁ አካል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሆስፒታሎች ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዕዳቸውን ካልከፈሉ አገልግሎቱ ለአምራቹ ሊከፍል አይችልም፤ አምራቹ ደግሞ የሚዘገይበትን ክፍያ ወለድ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ጭኖ ይመጣል፣ ወይም ጨረታው ላይ አይቀርብም። ወዳጄ በምታስተምረው ሰነድ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያስቀመጠችው አንድ ባዶ ሠንጠረዥ ነው። የአቅራቢው ስም፣ ውሉ የሚለው የማስረከቢያ ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ የቀረው ዕድሜ፣ የተመለሰ ባች፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓምድ ደግሞ ገዥው መክፈል የነበረበት ቀንና የከፈለበት ቀን። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ እንዲሞሉ ተማሪዎቿን ታዛቸዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያ ላይ ከአቅራቢው ፋይል ጋር የሚቀርበው ይህ ገጽ ነው፤ አቅራቢው ሲመዘን የገዥው ዓምድም አብሮ ይነበባል።